አሮጌ የጦር ሠራዊት ተሳቢን ለአስቸጋሪ መንገድ የካምፕ ጉዞ አድሶ ማዘጋጀት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባንታምና ዊሊስ የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ከጂፕ ኋላ የሚጎተት፣ ሩብ ቶን የሚጭን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ያመርቱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ኤም 100፣ ቀጥሎም ከኤም 151 መኪና ጋር የሚሄደው ኤም 416 ይህንኑ አሠራር ወርሰዋል። ገንዳ የመሰለ የላሜራ አካል፣ ጠንካራ ሻንሲ፣ በባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች በተሠራ ስፕሪንግ) ላይ የተቀመጠ አንድ አክስል፣ ወለሉ ላይ በውታፍ የሚዘጋ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ ከፊት ደግሞ የመጎተቻ ቀለበት አላቸው። ወንዝ ሲሻገሩ እንዲንሳፈፉ ታስበው የተሠሩ በመሆናቸው ገንዳቸው ደኅና ከሆነ ውኃ አያስገባም። ተሳቢውን ለካምፕ ተፈላጊ ያደረገው ይህ ቀላልነቱ ነው፤ የሚሰበር ነገር ጥቂት ነው፣ የተሰበረውም በተራ መሣሪያ ይጠገናል።

አሮጌ ተሳቢ ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚታየው ነገር፣ ማለትም ከቀለሙ፣ ከድንኳኑና ከመብራቱ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ከመሬት ወደ ላይ ነው። ጎማው፣ ኩሽኔታው (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ሮለር ቀለበት)፣ ባሌስትራውና መጎተቻው አስተማማኝ ሳይሆኑ በላያቸው የሚጨመር ነገር ሁሉ አደጋውን ያባብሳል። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ከመግዛት በፊት የሚታይ

አስቀድሞ የሻንሲ ቁጥሩንና በአካሉ ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል። ከሠራዊት የወጡ ተሳቢዎች የሲቪል ሰሌዳ ኖሯቸው የማያውቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በሚኖሩበት አገር ያለውን የተሽከርካሪ ምዝገባ ባለሥልጣን ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚጠይቅ ማረጋገጥ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ከዚያ በትንሽ መዶሻና በጠመንጃ መፍቻ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየነኩ መፈተሽ ይገባል። ደኅና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ በዝገት የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ዝገት በተለይ የሚደበቅባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ የባሌስትራው ማንጠልጠያ ከሻንሲው ጋር የተበየደበት፣ የገንዳው ወለል በተሻጋሪ ብረቶቹ ላይ ያረፈበት፣ የጎማ መከላከያው ውስጠኛ ክፍል፣ እንዲሁም የመጎተቻው ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። የገንዳው ጎን መጎድጎዱ ወይም ወለሉ መበሳቱ አያሳስብም፤ ሊቆረጥና ሊተካ ይችላል። በክንዱ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ ካለ ግን ዋጋው በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ሌላ ተሳቢ መፈለግ ይሻላል።

አክስሉ መጣመሙን ለማወቅ ከመጎተቻው ቀለበት መሀል እስከ እያንዳንዱ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ ሁለቱ ርቀቶች እኩል መሆን አለባቸው። ልዩነታቸው ከጥቂት ሚሊሜትር ከበለጠ አክስሉ ከቦታው ሸሽቷል ወይም ተጣሟል ማለት ነው። በአንድ ጠርዝ ብቻ የተበላ ጎማም ይህንኑ ይመሰክራል።

የክብደት ሒሳብ

አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይገባል። ሩብ ቶን ተብሎ የተሰየመ ተሳቢ በአስቸጋሪ መንገድ ላይ እንዲሸከም የታሰበው 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በምኞት አይሰፋም። የጣሪያ ድንኳን 60 ኪሎ፣ ድንኳኑን የሚሸከመው የብረት መደርደሪያ 30 ኪሎ፣ 40 ሊትር ውኃ 40 ኪሎ፣ ባዶ ማቀዝቀዣ 20 ኪሎ፣ ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው 25 ኪሎ፣ 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 12 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 187 ኪሎ ይሆናል። ለምግብ፣ ለነዳጅ፣ ለመሣሪያና ለመኝታ የሚቀረው 40 ኪሎ ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሠራ ሰው ከወፍራም ብረት የተበየደ መሳቢያና ግዙፍ የወጥ ቤት ሳጥን አያስብም። ከዚህ በኋላ የሚመረጠው እያንዳንዱ ዕቃ በዚህ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።

መፍታት

ተሳቢውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው፣ በክሪክ ካነሡት በኋላ በጠንካራ የብረት መቆሚያዎች ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ ተሳቢ ሥር መግባት በምንም ሁኔታ ተገቢ አይደለም። የሚፈታውን ሁሉ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ ብሎንና ዳዶውንም በየክፍሉ ለይተው በምልክት ያስቀምጡ። የዛገ ብሎን ዘልቆ የሚገባ ዘይት ተቀብቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይቆይ፤ እምቢ ካለም በግራይንደር ተቆርጦ በአዲስ ይተካ።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ የወታደር ቸርኬዎች በብሎን የተጋጠሙ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ቸርኬውን ከተሳቢው የሚያስሩትንና ሁለቱን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያጋጥሙትን ብሎኖች ያምታታ ሰው አየር የሞላ ጎማ በእጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህም ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ አንድም ዳዶ ከመላላቱ በፊት የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል አውጥቶ አየሩን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ግዴታ ነው። ጎማውን ከቸርኬው የመለየቱን ሥራ ደግሞ ይህን ዓይነት ቸርኬ ለሚያውቅ የጎማ ባለሙያ መተው ይሻላል።

አሮጌው ቀለምና ዝገቱ

የወታደር ቀለም ተራ ቀለም አይደለም። አሮጌ ተሳቢዎች ላይ እርሳስ ያለበት ቀለም እና ክሮሜት ያለበት አንቲረስት ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ሠራዊት የተጠቀመበት የኬሚካል መሣሪያን የሚቋቋም ቀለም ደግሞ አይሶሳያኔት ከሚባሉ ውሕዶች የተሠራ ሲሆን፣ በደረቁ ሲፋቅ ብናኙ፣ ሲቃጠል ወይም ሲበየድ ጢሱ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ቀለሙን በደረቅ ግራይንደር ማቡነን አይገባም። በኬሚካል ማስለቀቂያ አለስልሶ መፋቅ፣ ወይም በውኃ እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ይመረጣል። የሚለበሰው ማስክ የብናኝም የኬሚካል ትነትም ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም መሆን አለበት፤ ተራ የጨርቅ ማስክ እዚህ ጥቅም የለውም። የተፋቀው ቀለም በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተሰብስቦ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይወገዳል እንጂ አፈር ላይ አይተውም።

በግፊት በሚረጭ አሸዋ ማጽዳት ለሻንሲ፣ ለአክስልና ለቸርኬ እጅግ ጥሩ ነው። ለገንዳው ቀጭን ላሜራ ግን አይመከርም፤ ልምድ በሌለው እጅ ላሜራው ተንጋዶ ዳግመኛ አይቃናም። ማጠፊያዎችን፣ መንጠቆዎችንና የመሳሰሉትን ትንንሽ ዕቃዎች በኤሌክትሮሊሲስ ማጽዳት ይቻላል። በፕላስቲክ ባልዲ ውኃ ውስጥ ለየአራት ሊትሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል፤ የሚጸዳው ዕቃ ከባትሪ ቻርጀር ኔጋቲቭ ጫፍ፣ አንድ ውድቅ ተራ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይታሰራል። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት መጠቀም ክልክል ነው፣ መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ በውኃው ውስጥ ያስቀራልና። ሥራው ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ ነፋሻ ቦታ ላይ፣ ከእሳትና ከብልጭታ ርቆ መሠራት አለበት።

ብየዳ

የተበላው ላሜራ ደኅና ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ በዝገት ላይ የተለጠፈ ላሜራ ዝገቱን ሸፍኖ ያሳድጋል እንጂ አያድንም። መተኪያው ከነባሩ ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው። ብየዳው በተከታታይ መስመር ሳይሆን ነጠብጣብ በነጠብጣብ፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ተቃራኒው እየተዘዋወሩ፣ ብረቱ በመሀል እንዲቀዘቅዝ ጊዜ እየሰጡ ይሠራል፤ እንዲህ ካልሆነ ወለሉ ይወጣጠራል። ከመበየዱ በፊት በብየዳው ዙሪያ ያለው ቀለም በሰፊው መነሣት አለበት። ዚንክ የተቀባ ዕቃ ካለም ሽፋኑ አስቀድሞ ይፋቅ፤ የዚንክ ጢስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስከትላል።

የሻንሲ ስንጥቅ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የስንጥቁ ጫፍ ተፈልጎ እንዳይቀጥል በትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀጥሎ ስንጥቁ በግራይንደር እስከ ሥሩ ተከፍቶ ይሞላል፤ በመጨረሻ ማጠናከሪያ ላሜራ ይደረብበታል። የማጠናከሪያው ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሳይሆን ሹል ወይም ሰያፍ መሆን አለበት። ሻንሲውን በአግድም የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ የብየዳ መስመር ኃይሉን በአንድ ቦታ አከማችቶ አዲስ ስንጥቅ ይወልዳል። የብየዳ ልምድ የሌለው ሰው ገንዳውን ራሱ ቢሞክር አይከፋም፤ የሻንሲውንና የመጎተቻ ክንዱን ሥራ ግን ለባለሙያ መስጠት ይኖርበታል፤ ሌሎች ሰዎችም የሚጠቀሙበት መንገድ ላይ የሚጎተት ዕቃ ነውና።

ብየዳው ሲያልቅ ብረቱ ከቅባት ጸድቶ ኢፖክሲ አንቲረስት ይቀባል፤ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በመገጣጠሚያ ማሸጊያ ይሞላሉ፤ ከዚያ የላይኛው ቀለም ይከተላል። የገንዳው ውስጥ ለፒክ አፕ መኪና ጭነት ቦታ በሚሠራው ወፍራም ሽፋን ቢለበስ ዕቃ ሲንሸራተት አይጫርም። የተዘጉ የሻንሲ ክፍሎች ውስጥ ሰም መሰል ፀረ ዝገት መርጨት ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከውጭው ቀለም ይልቅ ዕድሜ የሚጨምረው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ደግሞ በፍጹም አይድፈኑ፤ የሚከፈተውን ውታፋቸውን አድሰው ይመልሱት።

ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ እና ጎማ

ሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበት የመሀል ክፍል፣ ተከፍቶ አሮጌው ግራሶ ሙሉ በሙሉ በማጽጃ ይታጠባል። ኩሽኔታው ከደረቀ በኋላ በብርሃን ይታያል፤ ጥቁር ነጥብ፣ ጭረት ወይም በሙቀት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ካለበት ከነውጭኛው ቀለበቱ ይቀየራል። አዲሱን ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው፤ ሁለቱ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራሉ። የግራሶ ማገጃው ጎማ በማንኛውም ሁኔታ አዲስ ይሁን።

ግራሶው ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን፣ የጥጥረት ደረጃው 2 የሆነ የሊቲየም ኮምፕሌክስ ዓይነት ይመረጣል። በመዳፍ ተይዞ በኩሽኔታው ሰፊ ጎን በኩል ይገፋል፤ በሌላው ጎን በሮለሮቹ መካከል ብቅ እስኪል ድረስ ሥራው አላለቀም። ሞዞው ሲገጠም ጎማውን በእጅ እያሽከረከሩ የመሀሉን ዳዶ ጠበቅ ያደርጉታል፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ መልሰው ያላሉታል፤ ከዚያ በጣት ብቻ እስኪያዝ ያጠጉና በአዲስ መቆለፊያ ፒን ይቆልፉታል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ጉልህ መላላት ሊኖረው አይገባም፤ ሲሽከረከርም ያለ ጫና መዞር አለበት። ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ በመጀመሪያው ረጅም መንገድ ይቃጠላል።

የእጅ ፍሬን ካለው ገመዱ፣ ሸራውና ከበሮው አብረው ይታደሳሉ። ተዳፋት ላይ ከመኪና ተፈትቶ የሚቆም ተሳቢ ያለ እጅ ፍሬን አይሆንም።

የወታደር ባሌስትራ ለጥይትና ለነዳጅ ጭነት የተሠራ ስለሆነ በቀላል የካምፕ ጭነት ሥር ደረቅ ነው፤ ተሳቢው ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ይናጣል። ብዙዎች ከየጎኑ አንድ ቅጠል ያወጣሉ። እኔ በመጀመሪያ ባሌስትራውን ፈታትቶ፣ ዝገቱን አራግፎ፣ ቅጠሎቹ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ አድርጎ መግጠምን፣ ከዚያም በየጎኑ አንድ አሞርዛተር መጨመርን እመርጣለሁ። ዝላዩን የሚያረጋጋው አሞርዛተሩ ነው፤ ቅጠል ማውጣት የመሸከም አቅሙን ይቀንሳል። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አድርጎ ተሳቢውን ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ለዚህ አዲስ የባሌስትራ ማረፊያ በአክስሉ ላይ መበየድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከፍታው የክብደቱን መሀል አብሮ ስለሚያነሣ፣ ከላይ ድንኳን ለሚሸከም ተሳቢ የጎማው መጠን ካላስገደደ በቀር አይመከርም። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች ከተፈቱ በአዲስ መተካት አለባቸው።

ጎማው ከጎታቹ መኪና ጎማ ጋር አንድ መጠን፣ ቸርኬውም አንድ የብሎን አቀማመጥ ቢኖረው አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል። ባለ አምስት ብሎን ሞዞ ሲለካ፣ የአንዱን ቀዳዳ መሀል ከጎኑ ካለው ሳይሆን አንዱን ዘለው ካለው ቀዳዳ መሀል ጋር ይለኩና ያገኙትን በ0.951 ያካፍሉ፤ ውጤቱ የብሎኖቹ ክብ ስፋት ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋትም ከመኪናው ጋር ቢመሳሰል ተሳቢው በአሸዋና በጭቃ ላይ መኪናው በከፈተው ዱካ ይሄዳል፤ ካልተመሳሰለ አዲስ ዱካ ሲያወጣ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ጎማ ሲገዛ በጎኑ ያሉት አራት የማምረቻ አሃዞች ይነበቡ፤ ለምሳሌ 2319 የሚለው በ2019 23ኛ ሳምንት መመረቱን ያሳያል። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚያረጅ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጠቃል።

መጎተቻው

የወታደሩ አሠራር 76 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቀለበትና በመኪናው ላይ የሚዘጋ መንጠቆ ነው። ጥንካሬው አያጠራጥርም፤ መሬቱ በተጣመመበት ቦታም መኪናውና ተሳቢው በተለያየ አቅጣጫ እንዲያጋድሉ ያስችላል። ጉድለቱ ቀለበቱ በመንጠቆው ውስጥ ክፍተት ስላለው መንኳኳቱ ነው። ባለ 50 ሚሊሜትር ኳስ መጎተቻ ጸጥተኛ ነው፤ ሆኖም የማጋደል አቅሙ ውስን ስለሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ሊጠመዘዝ ወይም ሊወጣ ይችላል። በሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው የአስቸጋሪ መንገድ መጎተቻ የሁለቱን ጥቅም ያጣምራል፤ አቅም ካለ ምርጫው እሱ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ሁለት የደኅንነት ሰንሰለቶች ከክንዱ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ መጎተቻው ቢለቅ ክንዱ መሬት ሳይነካ በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል። ተሳቢው ተጭኖ ሲቆም ክንዱ አግድም መሆን አለበት።

ኤሌክትሪክ

የወታደር ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ የሲቪል መኪና ደግሞ በ12። ስለዚህ አሮጌውን ገመድ ለመጠጋገን ከመድከም ሙሉ በሙሉ አውጥቶ አዲስ መዘርጋት ይቀላል። የኋላ፣ የፍሬንና የፍሬቻ መብራቶቹ ውኃ የማያስገቡ ኤልኢዲ ይሁኑ፤ የኔጋቲቭ ገመዱም በሻንሲው ላይ ከመተማመን ይልቅ ለብቻው ይዘርጋ።

የካምፕ ባትሪውን ከመኪናው ዲናሞ ለመሙላት ቮልቴጁን የሚያስተካክል ቻርጀር በተሳቢው ላይ፣ ባትሪው አጠገብ ይገጠማል። የገመዱ ውፍረት ወሳኝ ነው። ከመኪናው ባትሪ እስከ ተሳቢው 8 ሜትር ቢሆን የደርሶ መልስ ርዝመቱ 16 ሜትር ነው፤ 20 አምፒር ሲያልፍበት ባለ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ 0.92 ቮልት ያህል ሲያጠፋ፣ ባለ 16ቱ የሚያጠፋው 0.34 ቮልት ብቻ ነው። በሁለቱም ባትሪዎች በኩል፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ ፊውዝ መግባት አለበት፤ ገመዱ ተፈትጎ ከሻንሲው ጋር ቢነካካ እሳት የሚከለክለው እሱ ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት ስለማይገባው፣ በብርድ ቦታ የሚያድር ሰው ሙቀት የሚቆጣጠር መከላከያ ያለውን ይምረጥ።

ከላይ የሚጨመረው

ገንዳው ክዳን ሊኖረው ይገባል። ሸራ ቀላል ነው፤ አቧራ ግን አያቆምም። ከቀጭን ብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ዙሪያውን ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ ማሸጊያ የለበሰ ክዳን ይበልጣል። አሉሚኒየም ከብረት ጋር በቀጥታ ከተነካካና እርጥበት ካገኘ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ።

የድንኳን መደርደሪያው በገንዳው ቀጭን ጠርዝ ላይ ብቻ ሳይሆን ኃይሉን ወደ ሻንሲው በሚያወርዱ ምሰሶዎች ላይ ይቁም። ድንኳኑ በጉዞ ላይ የሚጭነው 60 ኪሎ ይሁን እንጂ ሌሊት ሁለት ሰው ሲተኛበት ከ200 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ተሳቢው በአራቱም ማዕዘን የሚወርዱ መቆሚያ እግሮች ያስፈልጉታል። የመደርደሪያው ከፍታ ከጎታቹ መኪና ጣሪያ ባይበልጥ ነፋስም ቅርንጫፍም አያስቸግረውም። የውኃ ታንኩ ዝቅ ብሎ ከአክስሉ ትንሽ ወደፊት፣ ባትሪው ከፊት በኩል፣ ቀላል የመኝታ ዕቃ ደግሞ ከኋላ ይቀመጥ።

ሚዛንና ሙከራ

ተሳቢው ለጉዞ እንደሚሆነው ሙሉ በሙሉ ተጭኖ በክብደት መለኪያ ላይ ይወሰድ። በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ኤም 416 ባዶውን ወደ 260 ኪሎ ስለሚመዝን ከነሙሉ ጭነቱ 487 ኪሎ ቢሆን፣ ክንዱ ላይ ከ49 እስከ 73 ኪሎ መገኘት ይኖርበታል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ከጎን ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል፤ መፍትሔውም ዕቃ ወደፊት ማዛወር ነው እንጂ ፍጥነት እየቀነሱ መኖር አይደለም።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ከቤት ቅርብ ይሁን። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የጎማ ዳዶዎችና የአክስሉ የዩ ቅርጽ ብሎኖች በመለኪያ ቁልፍ ዳግመኛ ይጥበቁ። በየዕረፍቱ ሁለቱንም ሞዞዎች በእጅ ጀርባ ይቅረቡና ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ፤ ለብ ማለት የተለመደ ነው፣ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከሞቀ ግን ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል። ጥልቅ ውኃ ከመሻገር በፊትም ሞዞዎቹ እስኪቀዘቅዙ መጠበቅ ይገባል፤ የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውኃን በማገጃው በኩል ይስባል። ውኃ ውስጥ የቆየ ተሳቢ ከጉዞው መልስ ሞዞው ተከፍቶ ይታይ፤ ግራሶው ነጭ ወተት መስሎ ከተገኘ ታጥቦ በአዲስ ይተካ።